ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት፦ የትንሣኤ ተስፋ በካቶሊካዊ ቤተሰብ ውስጥ

በጎንደር ለሚኖር ክርስቲያን ቤተሰብ ጾም እንዴት እንደሚጾም ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ያሉት ሰንበታት በየስማቸው ይታወቃሉ፤ ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ ጉልባን ይቀቀላል፤ በስቅለት ሲሰገድ ይዋላል፤ በቅዳም ሥዑር ቄጠማ ይታደላል። በዚህ ሁሉ ልጆች ሳይቀሩ ከወትሮው የተለየ ወቅት ላይ መሆናቸውን ያውቃሉ። ከፋሲካ በኋላ የሚመጡት 50 ቀናት ግን በአብዛኞቻችን ቤት የሚለዩት ረቡዕና ዓርብ ባለመጾሙ ብቻ ነው። ለ55 ቀናት በጥንቃቄ የተዘጋጀንለት ነገር በአንድ ሌሊት ቅዳሴና በአንድ ድስት ዶሮ ወጥ ያለቀ ይመስላል። ይህ ማብራሪያ የሚያተኩረው በዚህ አለመመጣጠን ላይ ነው፦ ቤተ ክርስቲያን የትንሣኤ ተስፋ ስትል ምን ማለቷ ነው? ካቶሊካውያን ወላጆችስ በዓለ ሃምሳን መነሻ አድርገው ይህን ተስፋ በቤታቸው እንዴት ሊኖሩት ይችላሉ?

አስቀድሞ ስለ ሁኔታችን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በጎንደር ካቶሊካውያን ቁጥራችን ጥቂት ነው። ከተማችን ያለችበት የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው በ2015 እ.ኤ.አ. ሲሆን የሚከተለውም የግእዝ ሥርዓትን ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያ ፋሲካን የምታከብረው በአገሩ የዘመን አቆጣጠር ስለሆነ በዓሉን የምንውለው ከኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ቀን ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው የሚለያቸው የበዓሉ ቀን አይደለም፤ ዶሮውም፣ ድፎ ዳቦውም፣ ሌሊቱም አንድ ነው። ይህ ትልቅ በረከት ነው። በዚያው ልክ ግን ስለ ትንሣኤ ማሰብን ለአካባቢው ልማድ ትቶ፣ ‹‹ሁሉም እንዳደረገው አደረግን›› ብሎ ለማለፍም ይመቻል።

ስለ ክርስቲያናዊ ተስፋ የሚያጋጥመው የመጀመሪያው ስሕተት ተስፋን ‹‹ነገሩ መልካም ይሆናል›› ከሚል ግምት ጋር አንድ ማድረግ ነው። ልጃችን ፈተናውን እንዲያልፍ፣ ዝናቡ በጊዜው እንዲጥል፣ የተዘጋው መንገድ እንዲከፈት እንመኛለን፤ መመኘታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ፈተናው ሊወደቅ፣ ዝናቡም ሊቀር ይችላል፤ በዚህ ላይ ብቻ የቆመ ተስፋ ከነገሩ ጋር አብሮ ይወድቃል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1817 ተስፋን ሲተረጉም፣ መንግሥተ ሰማያትንና የዘለዓለም ሕይወትን እንደ ደስታችን አድርገን የምንሻበት፣ በራሳችን ኃይል ሳይሆን በመንፈስ ቅዱስ ጸጋ ተደግፈን በክርስቶስ የተስፋ ቃል የምንታመንበት መለኮታዊ ምግባር ነው ይላል። የዚህ ተስፋ መሠረት የእኛ ብርታት ወይም የዘመኑ መልካምነት ሳይሆን አንድ የተፈጸመ ነገር ነው፤ የተሰቀለው ተነሥቷል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ነው ብሎ እስከ መጻፍ የደረሰው ለዚህ ነው።

በዚህ ውስጥ ወላጆች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ጌታ ከሞት ከተነሣ በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ የችንካሩ ምልክት ከእጁ፣ የጦሩም ከጎኑ አልጠፋም ነበር፤ እንዲያውም ማንነቱን ያሳያቸው በእርሱ ነው። የትንሣኤ ተስፋ ቁስሉ እንዳልነበረ አያደርግም። የሥራ ማጣት፣ ሕመም፣ ስደት ወይም ግጭት የነካው ቤት በበዓሉ ቀን ‹‹ዛሬ ስለዚያ አይወራም›› ተብሎ ዝም ቢያሰኝ፣ ልጆቹ ትንሣኤ ማለት መከራን ላለማየት ፊትን ማዞር ነው ብለው ይማራሉ። ይህ ከወንጌሉ ተቃራኒ ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ቤተ ክርስቲያን በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ ቤተሰብን የቤት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ጠርቶታል፤ ወላጆችም በቃልና በምሳሌ ለልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹ የእምነት ሰባኪዎች ሊሆኑ ይገባል ብሏል። አንዳንድ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ቤታቸውን ወደ ሁለተኛ የሰንበት ትምህርት ክፍል መለወጥ ያለባቸው ይመስላቸዋል። ጉዳዩ ግን ከዚያ የቀለለም የከበደም ነው። የቀለለው፣ ወላጁ ሊቅ መሆን ስለማይጠበቅበት ነው፤ የከበደው ደግሞ ልጁ ከንግግሩ ይልቅ ወላጁ ሰው ሲሞት፣ ሲበደል፣ ሲቸግረው የሚሆነውን እያየ ስለሚማር ነው።

ከሞት እንጀምር። በባህላችን መርዶ የሚነገርበት ጥንቃቄ ጥበብ ያለበት ነው፤ ሽማግሌዎች ተጠርተው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ታስቦ ማለዳ ይረዳል። ለልጅ ግን ብዙ ጊዜ መርዶው ጭራሽ አይነገረውም። ‹‹አያትሽ ሩቅ አገር ሄደች›› ተብላ ወደ አክስቷ ቤት የተወሰደች ሕፃን ድንኳኑን አይታለች፣ ልቅሶውንም ሰምታለች። ትጠብቃለች፤ አያቷ ሳትመለስ ስትቀር ደግሞ ትልልቆቹ ከሁሉ በሚከብደው ነገር ላይ እውነት እንደማይናገሩ ትረዳለች። ያን ጊዜ ስለ ትንሣኤ የሚነገራትንስ ለምን ታምናለች?

ካቶሊካዊ ወላጅ ለልጁ ሊለው የሚገባው በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ ‹‹አያትሽ ሞታለች። ሥጋዋን ቀብረነዋል። እናዝናለን፤ እናለቅሳለንም። ክርስቶስ ግን ሞቶ ተነሥቷል፤ እርሷንም እንደሚያስነሣት አምነን እንጠብቃለን። እስከዚያው እንጸልይላታለን።›› በእነዚህ ጥቂት ቃላት ውስጥ ብዙ ትምህርት አለ። ሞት ሞት ተብሎ ተጠርቷል። ልቅሶ አልተከለከለም፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ አሳሰባቸው እንጂ ጨርሶ አትዘኑ አላላቸውም። ተስፋውም የሥጋ ትንሣኤ ነው፤ ‹‹አያትሽ መልአክ ሆናለች›› ማለት ለጊዜው ቢያጽናናም ሰው ሞቶ መልአክ ይሆናል የሚል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የለም። (በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች አይታ ‹‹አያቴ የቷ ናት?›› የምትል ልጅ ብትኖር ጥፋቱ የሠዓሊው አይደለም።) ለሙታን መጸለይም ከሞቱት ጋር ያለን ኅብረት አለመቋረጡን የምናሳይበት ነው፤ ስለዚህ ልጆች በአርባው ቀን መታሰቢያ ምግብ ከማቅረብ ባለፈ በጸሎቱ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል።

በዚህ ረገድ 2017 ዓ.ም. ለብዙ ወላጆች ያልታሰበ አጋጣሚ ሰጥቶ ነበር። በዚያ ዓመት የምሥራቁና የምዕራቡ አቆጣጠር ገጥሞ ፋሲካ በመላው ዓለም በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12 ቀን ተከበረ፤ በማግስቱ ሰኞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ አረፉ። ‹‹ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን›› በተባለ በማግስቱ ስለ ሞት መናገር ግድ ሆነ። የሁለቱ ነገሮች አብሮ መምጣት እንግዳ የሚሆነው ግን ተስፋችን በሞት ፊት የማይነገር ከሆነ ብቻ ነው።

ተስፋ ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው፣ በእኔ ግምት፣ ልጅ ሲያጠፋ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 የተጻፈውን ወላጆች በዝግታ ቢያነቡት መልካም ነው። ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ በፍም እሳት ዙሪያ ቆሞ ሲሞቅ ነበር። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ በባሕሩ ዳር ሲጠብቀውም ፍም ተደርጎ፣ ዓሣም በላዩ ተቀምጦ ነበር። ወንጌላዊው ሁለቱንም ጊዜ ፍሙን ያነሣው ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ጴጥሮስ የወደቀበትን ቦታ የሚያስታውሰው ነገር ፊት ለፊቱ አለ። ሆኖም ጌታ ከጥያቄው በፊት የጠራቸው ‹‹ኑ፣ ምሳ ብሉ›› ብሎ ነው። ጥያቄው የመጣው ከበሉ በኋላ ነው፤ እርሱም ‹‹ለምን እንዲህ አደረግህ?›› ሳይሆን ‹‹ትወደኛለህን?›› የሚል ነበር። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሲያዝን ደግሞ ‹‹በጎቼን አሰማራ›› ተባለ። የካደው ሰው አደራ ተሰጠው።

በእኛ ቤት ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ልጁ ገንዘብ ሰርቆ ወይም ስለ ውጤቱ ዋሽቶ ሲገኝ መጀመሪያ እራቱን ይከለከላል፤ ቀጥሎ እንግዳ ባለበት ይዋረዳል፤ በመጨረሻም ‹‹ከአንተ ምንም አይጠበቅም›› ይባላል። ይህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በቁጣ የወጣች ብትሆንም ይዘቷ ከባድ ነው፤ በአንድ ሰው ላይ ተስፋ መቁረጥን በይፋ ማወጅ ናት። ወላጅ መቅጣት የለበትም እያልኩ አይደለም። የሰረቀው ገንዘብ ከኪስ ገንዘቡ እየተቀነሰ እንዲመልስ ማድረግ፣ የበደለውን ሰው ሄዶ ይቅርታ እንዲጠይቅ ማዘዝ ተገቢ ነው፤ ጴጥሮስም ሦስቱ ጥያቄዎች አልቀሩለትም። ልዩነቱ ቅጣቱ መጨረሻ ያለው መሆኑ ላይ ነው። ቅጣቱ ካለቀ በኋላ ልጁ ዳግመኛ ወደ ሱቅ ይላካል፤ ብርም በእጁ ይሰጠዋል። ይህን ማድረግ ለወላጅ ከመግረፍ ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም እንደገና መታለልን መቀበል ይጠይቃል።

የወላጅ ጥፋትስ? ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2223 ወላጆች ጉድለታቸውን በልጆቻቸው ፊት ማመን ሲችሉ እነርሱን ለመምራትና ለማረም የተሻለ ብቃት እንደሚኖራቸው ይናገራል። አባት ልጁን ‹‹በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ›› ማለቱ በአካባቢያችን እንደ መዋረድ የሚቆጠርባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። የትንሣኤ ዕለት ምሽት የሆነውን ስናይ ግን ነገሩ በሌላ ብርሃን ይታያል፦ የተነሣው ጌታ በዝግ በር ገብቶ ‹‹ሰላም ለእናንተ ይሁን›› ካለ በኋላ ለሐዋርያቱ በመጀመሪያ የሰጣቸው ኃጢአትን ይቅር የማለት ሥልጣን ነው። የምሥጢረ ንስሐ ምንጭ ከባዶው መቃብር የራቀው በአንድ ቀን እንኳ አይደለም። ለንስሐ በካህን ፊት የሚንበረከክ አባት በቤቱ ይቅርታ መጠየቅን የሚያፍርበት ከሆነ ልጁ ሁለቱን ማገናኘት ያቅተዋል።

ወደ ጉርምስና የደረሱ ልጆች ቅዳሴ ለመሄድ ሲያቅማሙ ወይም ‹‹ይህን በእርግጥ ታምናላችሁ?›› ብለው ሲጠይቁ ብዙ ወላጆች ይደነግጣሉ። በግእዝ ሥርዓት የፋሲካ ሳምንት ማክሰኞ በቶማስ ስም መጠራቱ ለእነርሱ መጽናኛ ሊሆን ይገባል። ቶማስ ሌሎቹ የነገሩትን አላመነም፤ ከስምንት ቀን በኋላ ግን በዚያው ቤት ከእነርሱ ጋር ተገኘ። ሌሎቹ አላስወጡትም፣ እርሱም አልራቃቸውም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ በ2016 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተሰብ ፍቅር በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ወላጅ የልጁን እያንዳንዱን እርምጃ በመቆጣጠር ሊያስተምረው እንደማይችል ያስረዳሉ፤ የሚያስፈልገው ልጁ በነፃነት የሚያድግበትን ሂደት በፍቅር መጀመር ነው ይላሉ። ስለዚህ የሚጠራጠር ልጅ ከቤት ጸሎቱ ሰዓት አይባረር፤ እንዲያነብልን ባንጠይቀው እንኳ አብሮን ይቀመጥ። ጥያቄውን መመለስ ካልቻልንም ወደ ቄሱ ይዘነው እንሂድ፤ ‹‹እንዲህ አይጠየቅም›› ማለት መልስ አይደለም።

ስለ በዓሉ ወጪም አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው። የበግና የዶሮ ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ በሆነበት ጊዜ ፋሲካ በቅዳሜ ገበያ የሚወሰን ይመስላል፤ ያልታረደበት ቤት ልጆችም ያፍራሉ። ወላጆች የቤቱን እውነት በለሰለሰ ቃል ቀድመው ቢነግሯቸው፣ ያለችውንም ትንሽ ነገር ከጎረቤት ጋር ቢካፈሉ፣ ልጆቹ በዓሉ በሥጋ ብዛት እንደማይለካ ያያሉ። የተረፈው ቤት ደግሞ የማን ቤት ጭስ እንዳልወጣ ቀድሞ ያስተውል።

በጎንደር ያለ ካቶሊካዊ ቤተሰብ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ባልና ሚስት አንዳቸው ካቶሊክ ሌላቸው ኦርቶዶክስ የሆኑበት፣ አያቶቹም በሌላው ወገን ያሉበት ቤት አለ። ትምህርተ ክርስቶስ እንዲህ ያለ ጋብቻ የሚያስከትለውን ችግር ማቃለል እንደማይገባ በግልጽ ይናገራል፤ በተለይ ልጆችን በማስተማር ረገድ። የልጆቹ ጥያቄም ከከተማዋ ታሪክ ጋር የተቆራኘ ነው፦ ‹‹እኛ ለምን ጥቂት ሆንን?›› ይህን ስንመልስ ታሪኩን ከነሙሉ ክብደቱ እንናገር። አፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ሕዝቡን በአዋጅ ወደዚያ ለማስገባት የተደረገው ጥረት ብዙ ደም አፋሰሰ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆሩት እኒሁ ፋሲለደስ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ አጋታንጆና ካስያኖ የተባሉ የካፑቺን ማኅበር ካቶሊካውያን መነኮሳት በዚህች ከተማ በስቅላት ተገደሉ። በጎጃም የተወለዱት ሊቁ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም በካቶሊክ እምነታቸው ምክንያት በጎንደር ታስረው ብዙ መከራ ከተቀበሉ በኋላ በ1855 እ.ኤ.አ. በእስር እንዳሉ ሞቱ፤ በ1926 እ.ኤ.አ. ብፅዕናቸው ታወጀ።

የሰማዕታቱን ታሪክ ብቻ ነግሮ የሱስንዮስን ዘመን የሚዘል ወላጅ ለልጁ ቂም ያወርሰዋል። የትንሣኤ ተስፋ ያለው ሰው የራሱንም ወገን ጥፋት ለመናገር የማይፈራው ይቅርታ አለ ብሎ ስለሚያምን ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ የኦርቶዶክስ አያቱን ‹‹እንኳን አደረስዎ›› ሲልና እርሷም ስትመርቀው፣ ያ ሰላምታ ከስንት ዘመን በኋላ እንደመጣ ያውቃል።

ወደ 50ዎቹ ቀናት ስንመለስ፣ ጾሙን በሥርዓት እንዳሳለፍን እነዚህንም በሥርዓት ለማሳለፍ የሚረዱ ነገሮች በእጃችን አሉ። የሳምንቱ ቀናት ስሞች፣ ከሰኞ ማዕዶት እስከ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስትና እስከ ዳግም ትንሣኤ፣ ለየዕለቱ ማታ አንድ የወንጌል ክፍል ይጠቁማሉ። ‹‹ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፤ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን›› የሚለው የካህኑና የሕዝቡ ቅብብል በልጆች አፍ የሚጣፍጥ ስለሆነ ከማዕድ በፊት ቤት ውስጥ ሊባል ይችላል፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ። በዐቢይ ጾም ዓርቦች ፍኖተ መስቀልን የምናደርስ ብንሆንም ከባዶው መቃብር እስከ መንፈስ ቅዱስ መውረድ ያሉትን የትንሣኤ ምሥጢራት በጸሎት የምንከተልበት የብርሃን መንገድ የሚባል ጸሎት መኖሩን ብዙዎቻችን አናውቅም፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከቫቲካን ስለ ሕዝባዊ መንፈሳዊነት የወጣው መመሪያም ያበረታታዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚጀምር ቤት በሁለተኛው ሳምንት ይደክማል፤ አንዱን መርጦ እስከ ጰራቅሊጦስ መዝለቅ ይበልጣል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁለት ወላጆች በአንድ ቤት እንዳሉ አድርጎ ነው። ብዙ ቤት ግን እንዲያ አይደለም፤ አባት በሥራ ወይም በስደት የራቀበት፣ እናት ብቻዋን የምታሳድግበት ቤት አለ። ከድካም ብዛት ማታ ወንጌል ማንበብ ያልቻለች እናት ተስፋ የሌላት መስሎ ሊሰማት አይገባም። ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶችም ‹‹ድንጋዩን ማን ያንከባልልልናል?›› እያሉ ነበር የሄዱት፤ መልሱን ሳያገኙ ተነሡ። የክርስትና አባትና እናት ኃላፊነት በጥምቀቱ ቀን ጨርቅ ይዞ በመቆም አያልቅም፤ ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1255 እውነተኛ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይለዋል። ስለዚህ የክርስትና እናት በበዓሉ ሰበብ ድፎ ዳቦ ይዛ ስትመጣ ከልጁ ጋር ተቀምጣ ከዮሐንስ ወንጌል አንድ ምዕራፍ ብታነብ፣ እናቲቱ በዚያች ሰዓት ልብሷን ልታጥብ ወይም ጋደም ልትል ትችላለች። ቁምስናውም (የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን) የትኛው ቤት እንዲህ ያለ ጠያቂ እንደሌለው ከዳግም ትንሣኤ በፊት ቢያጣራ ለመላክ ጊዜ ይኖረዋል።